ከበሮ ብቻ የሚፈቀድበት ሰርግ

ጌዳልያ ዊንክለርን አልወደውም። ይህን ከጅምሩ የምናገረው፣ በኋላ ሳመሰግነው ብታገኙኝ አምልጦኝ እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እኔም ከዚህ ሰውዬ ጋር በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ከአንዱ የአይሁድ ሰርግ ወደ ሌላው ስዞር ጎልምሻለሁ። እርሱ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። እኔ ድራም እመታለሁ። የባንዳችን ስም «ሁላችን» ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ «ሁላችን» ውስጥ ግን ሁላችንም ተኳርፈን ነው የኖርነው። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች መንገድ መሃል ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጌዳልያን ከስሶ በረቢዎች፣ በሃይማኖት መምህራኑ፣ ሸንጎ ፊት አቁሞት ነበር፤ ከሳሹ ራሱ ተረታ፤ ከተረታም በኋላ ተመልሶ ከእኛ ጋር ይጫወታል። ከጌዳልያ ጋር የሚነጋገረው ግን በእኔ በኩል ነው። ሰውየው አጠገቡ ቆሞ እያለ «ይርጋ፣ ጊታሩን ዝቅ ያድርግ በለው» ይለኛል።

በየሰርጉ ሰው ጨፍሮ ጨፍሮ ላብ በላብ ሲሆን ጌዳልያ እጁን ያነሳና ሙዚቃውን ያስቆማል። ያን ጊዜ ስብከቱ ይመጣል።

«ወገኖቼ! እስቲ ይህን አዳራሽ እዩት! የአጥባቂው ጥቁር ባርኔጣ አለ፣ ሹራብ ቆብ አለ፣ ባዶ ራስ አለ። ሞሮኮ አለ፣ ፖላንድ አለ፣ የመን አለ። በአንድ ምኩራብ አንጸልይም፤ ምርጫ ሲመጣማ እንበላላለን። ጊታሩ ሲጮህ ግን ማን ከማን ይለያል? አንድ ነን!»

ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ያውላችሁ ወንድማችን ይርጋ! አባቶቹ በሱዳን በረሃ በእግራቸው፣ ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም እያሉ መጡ። ዛሬ ይኸው ከፖላንዱ ልጅ ጋር አንድ ምት ይመታል!»

ሰው ያጨበጭባል። ዓይኑን የሚጠርግ ሽማግሌም አይጠፋም። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አገር፣ አፉላ ሆስፒታል ነው። አባቴ የመጣው በአውሮፕላን ነው፤ በመስኮቱ በኩል ቦታ አላገኘሁም ብሎ እስከ ዛሬ ያማርራል። ሱዳንን የማውቃት በዜና ነው።

አንድ ቀን ከአሽዶድ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠየቅሁት፦ «ለምንድን ነው እንደ ሙዚየም ዕቃ የምታሳየኝ?»

«ሰው ይነካል እኮ ይርጋ! ልብ ይነካል!»

«የእኔን ልብ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«የአንተማ ልብ ድሮም ሆምጣጣ ነው።»

«ሆምጣጣ ከሆነ ለምን ይዘኸኝ ትዞራለህ?»

«ምትህ ልክ ነው። አመልህ ነው እንጂ ሌላው ችግር የለውም።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ከኋላ ሆኖ «አመል ከማን እንደሚብስ ጠይቅልኝ» አለኝ። አልጠየቅሁለትም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሰውየው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሃይፋ ተወለደ፤ አባቱ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር፤ ቤታቸው ሰንበትን የሚያውቀው ባሕር ዳር የሚኬድበት ቀን ብሎ ነው። ጌዳልያ ጸጉሩን እስከ ወገቡ አሳድጎ፣ ምድር ቤት ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ሮክ እየተጫወተ ወጣትነቱን ጨረሰ። ከዚያ አንድ ጊዜ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ምሳ በነጻ የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገባ። ምሳውን በላ፤ በዚያው ቀረ። ጸጉሩን ተላጨ፣ ጢሙን አሳደገ፣ ጊታሩን ሸጠ። ከሌሊት እስከ ሌሊት መጽሐፍ ላይ ተደፋ። ማንም ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እዚያ ሰፈር ያለ ሰው አያት ቅድመ አያቱ የሚታወቅ ነው፤ ጌዳልያ ደግሞ ትናንት ከባሕር ዳር የመጣ ነው። የሰንበት ማዕድ ላይ ይጋብዙታል፤ ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ወንበር ግን አያስጠጉትም። በመጨረሻ ያገባት ፔሲም እንደ እርሱው ዘግይታ ወደ ሃይማኖቱ የተመለሰች ናት።

አንድ ጊዜ፣ መጠጥ በሚፈቀድበት የፉሪም በዓል ላይ፣ መጠጡ ሲሞቅ፣ አንዱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ የኤሌክትሪክ ጊታር አስታቀፈው። ጌዳልያ አንድ የዳዊት መዝሙር ያዘና ያንን የሃይፋ ምድር ቤት ጩኸት ጨመረበት። ለዓመታት ሰላምታ የነፈጉት ጥቁር ባርኔጣዎች ትከሻቸው ላይ አውጥተው አዳራሹን አዞሩት። እንግዲህ ሰውየው የተበላሸው ያን ቀን ነው። ብቸኛ የነበረ ሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ የተወደደ ይመስለዋል። የሰከረ ሰው ወንበርም ትከሻው ላይ እንደሚያወጣ የነገረው አልነበረም።

ሐሰት አልናገርም፣ ሙዚቃው ሰውን አንድ ሲያደርግ አይቻለሁ። ጠመንጃ ያነገተ ወታደርና ውትድርና ኃጢአት ነው የሚል አጥባቂ ሐሲድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዘሉ አይቻለሁ። በውርስ ተካስሰው ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ጊታሩ ሲነሳ ተቃቅፈው ሲያለቅሱም አይቻለሁ። እነዚያው ወንድማማቾች ግን ከአዳራሹ ሲወጡ መኪናዬን ዘጋህብኝ ተባብለው አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ይህንን ጌዳልያ አያውቀውም። ዕቃ ስንጭን እርሱ ሁልጊዜ ውስጥ ቀርቶ የሚያመሰግነውን ሰው ይፈልጋል።

ጌዳልያ አንዲት ልጅ አለችው፤ ብሉማ ትባላለች። የተወለደች ዕለት ዘፈን ሠራላት። ዘፈኑን ሰው ፊት ተጫውቶት አያውቅም፤ ለሰርጓ ነው ያስቀመጠው። እኛ ግን መሣሪያ ስንፈትሽ ይነካካዋልና በቃላችን እናውቀዋለን። ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ይነሳል፤ ከዚያ ያ ጊታር እንደ ሰው ያለቅሳል። ቆንጆ ዘፈን ነው። እንዲህ ዓይነት ዘፈን ከእንዲህ ዓይነት ሰው መውጣቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ብሉማ አባቷን አትመስልም። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ደግሞ ቁርጥ ነው። ልጅነቷን ሙሉ የተመላሽ ልጅ፣ የዘፋኝ ልጅ ሲሏት ኖራለች። ትዳር ሲፈለግላት የሚመጡት አገናኞች ሁሉ የአባቷን ሥራ ሲሰሙ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ይነሱ ነበር። በስንት ጭንቅ የኢየሩሳሌም ልጅ ተገኘላት፤ ሻያ ይባላል። አባቱ ረብ ሄርሽ (ረብ ማለት እንደ «አቶ» ነው) እዚያው ጌኡላ ሰፈር የጸሎት ሻል ይሸጣል። ዘራቸው ከቱርክ ዘመን ጀምሮ ከከተማዋ ንቅንቅ ያላለ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ጌዳልያ ቤት የወረዱት ሻያ ከዚያ በፊት ታጭቶ የፈረሰበት በመሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ይህን ያውቃል፤ ሁለቱም አይናገርም። ልጆቹ ግን ተዋደዱ። ብሉማ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ኢየሩሳሌም ደግሞ ግዝት አለባት። በቱርክ ዘመን በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው የከተማዋ ሊቃውንት ተሰብስበው፣ ቤተ መቅደሱ ፈርሶ ሳለ በዚህች ከተማ ሰርግ ላይ ከከበሮ በቀር መሣሪያ እንዳይሰማ ብለው ገዘቱ። የድሮዎቹ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ይህን ይጠብቃሉ። ሙዚቃ የፈለገ ከከተማ ወጥቶ ይደግሳል። በዚህ ምክንያት የብሉማ ሰርግ እኛ በምንኖርበት በቤት ሼሜሽ ከተማ እንዲሆን ተስማሙ። ረብ ሄርሽ ጊታሩን ባይወደውም ግዝቱ ከከተማ ውጭ እንደማይደርስ ያውቃልና ዝም አለ። ጌዳልያም ለወራት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ብሉማ፣ ዘፈኑ፣ ሰርጉ፤ ዘፈኑ፣ ሰርጉ፣ ብሉማ።

ሰርጉ ሲቃረብ የሻያ አያት ረብ ዮኤል ታመሙ። የዚያን ቀን የድራሜን ሲምባል፣ የናሱን ሳህን፣ ልወስድ ጌዳልያ ቤት ሄጄ ነበርና ረብ ሄርሽ ሲገባ እዚያው ተገኘሁ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ረብ ጌዳልያ፣ አባቴ ከአልጋ እስከ ደጃፍ እንኳ በመከራ ነው። ሐኪሙ ከከተማ አይውጡ ብሏል። የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ከቀሩ ደግሞ ሐዘኑ ይገድላቸዋል። ሰርጉን ወደ ኢየሩሳሌም እናምጣው።»

«ይምጣ። እግዚአብሔር ይማራቸው።»

«እንግዲህ ኢየሩሳሌም ከሆነ...»

«አውቃለሁ።»

«ከበሮ ብቻ።»

«ሰማሁ አልኩህ!»

«ጊታር የለም፣ ኪቦርድ የለም። ያ የሚያጓራው ሳጥንም የለም።»

ፔሲ ከወጥ ቤት «ጌዳልያ፣ ረብ ሄርሽ ሻይ ይጠጡ እንደሆን ጠይቃቸው» አለች። 

«ሰው በልጁ ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን ቢጫወት ቤተ መቅደሱ እንደገና ይፈርሳል?» አለ ጌዳልያ። «እኔ በዚህ ጊታር ስንቱን ሰው አስታርቄያለሁ! አንተ ከገዛ ጎረቤትህ ጋር ትነጋገራለህ?»

«አልነጋገርም። ቢሆንም በከበሮ ነው የተዳርኩት። እናቴም፣ አያቴም በከበሮ ነው የተዳሩት፤ የጎደለባቸው ነገር የለም። ልጅህን እንደ ልጃችን እንቀበላታለን። ጫጫታህን ግን ሃይፋ ተውልን።»

ጌዳልያ ደም ሥሩ ተገተረ። ሃይፋን አንስቶበት በሰላም የሄደ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ብሉማ ከበሩ ላይ «አባዬ ይስማማል» አለች። መቼ እንደመጣች አላየናትም። «አይደል አባዬ?»

ጌዳልያ ልጁን አያት። «እስማማለሁ» አለ።

በአፉ ነበር የተስማማው። በማግስቱ ረቢ ፍለጋ ተነሳ። እኛ ዘንድ ይህ በሽታ የታወቀ ነው፤ አንዱ ረቢ ሲከለክልህ ሌላ ትጠይቃለህ፣ ሌላው ሲከለክልህ ደግሞ ሌላ፤ የፈለግኸውን የሚልህ እስኪገኝ ድረስ። ኢየሩሳሌም ውስጥ የጠየቃቸው ሁሉ አባረሩት። አንደኛው ጥያቄውን ሳይጨርስ መስኮት ዘጋበት። በመጨረሻ ከኢየሩሳሌም ርቆ ፔታ ቲክቫ ከተማ ሄዶ አንድ ገር ረቢ አገኘ። እኚህ ሰው አዘኑለትና፣ አባት በልጁ ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ፣ እርሱም የኢየሩሳሌም ሽማግሌዎች ከሄዱ በኋላ፣ ብለው ፈቀዱለት። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለም? የኢየሩሳሌምን ግዝት ሊያስፈታ የሃይፋ ልጅ ፔታ ቲክቫ ይሄዳል! የኢየሩሳሌም ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ይስቃል ወይ ይማታል።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ቤቴ መጣ።

«አንተ ከበሮህን ብቻ ይዘህ ግባ» አለኝ። «ጊታሩና ትንሿ አምፕሊፋየር በከበሮው ጨርቅ ተሸፍነው ይገባሉ።»

«ማን ነው የሚያስገባቸው?»

«እኔና አንተ ነና።»

«እኔ የለሁበትም።»

«ፈቃድ አለኝ እኮ! ረቢ ጠይቄያለሁ!»

«ፔታ ቲክቫ ለጠየቅኸው ፔታ ቲክቫ ሄደህ ተጫወተው።»

«ይርጋ፣ ያንን ዘፈን ታውቀዋለህ አይደል? አዳራሹ አንዴ ቢሰማው ሄርሽ ራሱ ይጨፍራል። እኔ ሰውን አውቃለሁ።»

«አንተ ሰውን አታውቅም። የምታውቀው ሲያጨበጭብልህ ብቻ ነው።»

«ክፉ ነህ» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። አምፕሊፋየሯን ራሱ ተሸክሞ ጫነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእርሱ ነው ብዬ መሪውን ሲጨብጥ ነገርኩት። ሞተሩን አስነሳ።

አዳራሹ በኢየሩሳሌም ጠባብ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ፣ መሃል ላይ ወፍራም መጋረጃ። በወንዶቹ በኩል ያሉትን ሶኬቶች ሁሉ ምግብ አቅራቢዎቹ ለማሞቂያ ይዘዋቸዋል፤ ኩግል የሚሉት የተጋገረ ፓስታ ከነቁንዶ በርበሬው ይጨሳል። ጌዳልያ ዞር ዞር ብሎ አየና ረጅም ኤክስቴንሽን አወጣ። በመጋረጃው ሥር አሳልፎ በሴቶቹ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰካው። ማንም ልብ አላለውም።

ከበሮዬን በጓሮ በር ሳስገባ ብሉማ ከነሙሽራ ልብሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

«ይርጋ፣ አባዬ መኪና ውስጥ ምን ይዟል?»

«ጊታር። አምፕሊፋየርም» አልኳት። ልሸፍንለት የምችልበት ምክንያት አልታየኝም።

«የት ነው የሚሰካው?»

«በእናንተ በኩል። ከማዕዘኑ ዓምድ አጠገብ።»

ፊቷ ነጭ ሆነ፤ ልብሷን መሰለ። «የሻያ እናት ዛሬ ጠዋት ልጄ ብላ ጠራችኝ» አለችኝ። «በሕይወቴ ከእናቴ ሌላ ልጄ ያለኝ ሰው የለም።» ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች።

ሥርዓቱ ደርሶ፣ እንደ ወጉ ብርጭቆው ተሰብሮ፣ ምግቡ ቀረበ። እኔ ከበሮዬን እመታለሁ፤ አንድ ወፍራም የኢየሩሳሌም ሰው እየዘፈነ ያጅበኛል። ረብ ዮኤል ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። የጌዳልያ ወገን ግን ለየብቻው ተኮራምቷል። ወንድሙ ከሃይፋ መጥቷል፤ ደጃፍ ላይ ያደሉትን የወረቀት ቆብ ራሱ ላይ አድርጎ ስልኩን ያያል። የወንድሙ ልጅ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ አንድ የሻያ አጎት ሲያልፍ ወንበሩን ከእርሱ አራቀ። እንኳን አንድ መሆን፣ ጨው አቀብለኝ የሚባባል አልነበረም።

ሽማግሌው ደከሙና ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ጋደም እንዲሉ ወሰዷቸው። ጌዳልያ ባዶውን ወንበር አየ። ቤታቸው የሄዱ መሰለው። ማንንም አልጠየቀም። ጨርቁን ገፎ፣ ራሱ ሸፍኖ ያስገባውን ጊታር ከአምፕሊፋየሯ ጋር አያይዞ አነገተ፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ተከተለኝ» አለኝ። የከበሮ መምቻዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ያ ዘፈን ተጀመረ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ የገባው አልነበረም፤ ቀስ ያለ ነገር ነውና። ከዚያ ሲነሳና ሲያጓራ አዳራሹ ቀጥ አለ። ማንኪያ የሚያነሳ እጅ እንኳ ባለበት ቀረ። ረብ ሄርሽ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«ረብ ጌዳልያ! ምን መሆንህ ነው?»

«ፈቃድ አለኝ!» አለ ጌዳልያ ጣቱን ሳያቆም።

«ከማን?»

«ከፔታ ቲክቫው ረቢ!»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሳቀ። ጌዳልያ መሰደብን ይችለዋል፤ መሳቂያ መሆንን ግን አልቻለውም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ። ይህን ጊዜ የጎኑ ክፍል በር ተከፈተና ረብ ዮኤል በሻያ ክንድ ተደግፈው ወጡ። ጌዳልያ ሲያያቸው ደነገጠ፤ ፈቃዱ እዚያው ላይ እንደፈረሰ ገብቶታል። ግን አላቆመም። ማቆም ያቃተው ይመስለኛል።

ሽማግሌው አልጮሁም። «ባርኔጣዬን አምጣልኝ» አሉት ሻያን። ሻያ ከአያቱ ወደ አማቱ፣ ከአማቱ ወደ መጋረጃው አየና ባርኔጣውን አመጣላቸው። ረብ ሄርሽ ካፖርቱን ሳበ። ከሻያ ወገን የነበረው ሁሉ ተራ በተራ ተነሳ፤ ወንበር ሲጎተት ከጊታሩ በላይ ተሰማ። ከጌዳልያ ወገንም ወንድሙ «በቃ በል እንጂ አንተ! የልጅህን ትዳር ልትበትን ነው?» ብሎ ጮኸ። ወታደሩም ጮኸ፤ ወፍራሙ ዘፋኝም ጮኸ። በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ወገን በአንድ ነገር ተስማማ፤ ጌዳልያ ዝም ይበል በሚለው።

ጊታሩ በድንገት ሞተ።

መብራቱ በርቷል፤ ማሞቂያው ይሠራል። ጌዳልያ ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ኤክስቴንሽኑን ያዘና ጎተተ። ከመጋረጃው ወዲያ የያዘው ሰው ነበረና አልመጣም። እንደገና ጎተተ፤ ወዲያኛው ወገን መልሶ ጎተተው። ጌዳልያ ተንበርክኮ የመጋረጃውን ጫፍ አነሳ። ብሉማ ነጭ ልብሷን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከግድግዳው የነቀለችውን ሶኬት በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ብሉማ፣ ዘፈንሽ እኮ ነው» አላት።

«የእኔ ከሆነ ለእኔ ተውልኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጨርሰው።»

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ አንድ ይሁን ትላለህ። እኔ አንድ ቤት ብቻ ነው የፈለግሁት። እየሄዱብኝ ነው።»

እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ። ሌላ የሰማ ያለ አይመስለኝም። ጌዳልያ መጋረጃውን መልሶ ለቀቀው። ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ፣ ማንንም ሳያይ በጓሮ በር ወጣ።

ረብ ዮኤል ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ምታ እንጂ። ሙሽሮቹ ምን አደረጉ?» አሉኝ።

መታሁ። ንዴቴን ሁሉ ከበሮው ላይ ነው ያወረድኩት። ወፍራሙ ሰውዬ አንድ የጥንት ዜማ አነሳ፤ ሻያ አያቱን ወንበራቸው ላይ አስቀምጦ ዘለለ፤ ረብ ሄርሽ ካፖርቱን ወረወረና ገባ። ከድንጋጤው የተረፉ ሰዎች እንዴት እንደሚጨፍሩ አላየሁም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ። የሃይፋው ወንድም የወረቀት ቆቡን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን ለረብ ሄርሽ ሰጥቶ ይዞራል። ወንበሩን ያራቀው አጎት ከወታደሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዟል። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ ወለሉን ሲረግጡት እግሬ ሥር ይሰማኛል። ጌዳልያ በየመድረኩ ሲለፍፍለት የኖረው ነገር ይኸው ነበር፤ እውነትም አለ፤ እርሱ ብቻ የለም። ደስ አለኝ ብል አልዋሽም። ደግሞ ቆይቶ ዓይኔ የጓሮውን በር በር ማየት ጀመረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ላውቅም አልፈልግም።

አንዱ የኢየሩሳሌም ልጅ ተራዬ ነው ብሎ ከበሮውን ተቀበለኝ። ረብ ዮኤል በጣታቸው ጠሩኝ።

«የሙሽሪት አባት የት ሄደ?»

«ውጭ ነው።»

«ያለ እርሱ ምን ዓይነት ሰርግ ነው? ሄደህ ጥራው። አያት ይጠራሃል በለው።»

ወጣሁ። ሚኒባሱ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሟል። ጌዳልያ የኋላ ወንበር ላይ፣ በአምፕሊፋየሯና በኬብሉ መሃል ተቀምጦ ጊታሩን ታቅፎታል። በኤሌክትሪክ ያልተያያዘ ጊታር ድምፁ የደረቀ ሽቦ ድምፅ ብቻ ነው። ያንኑ ዘፈን ይዟል፤ ሊነሳ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ደርሷል።

«ሽማግሌው ይጠሩሃል» አልኩት።

ቀና አላለም። «ይህም ይከለከላል?» አለኝ። ጢሙ እርጥብ ነበር።

«ይከለከላል።»

ጣቶቹ ቆሙ። ከአዳራሹ ከበሮውና የሰዎቹ ድምፅ ይመጣል።

«ቶሎ ጨርሰው» አልኩትና የመኪናውን በር ከውጭ ዘጋሁት። ማንም እንዳይሰማ ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ።